ለብቻው የሚቆም የኤስኤንኤምፒ ሰብኤጀንት፦ ይነሳል፣ ይገናኛል፣ ግን ሲጠይቁት «የለም» ይላል

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታገልኩት ነገር አለ፣ ብቻዬን አልቻልኩትም።

እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። ስድስት ራክ የያዘች ጠባብ ሰርቨር ክፍል አለችን። የግንቦትን ሙቀት የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሮቹን ይይዛቸዋል፣ ጄነሬተሩም ይነሳል፣ ኤሲው ግን በራሱ አይነሳም፤ ሰው ገብቶ በሪሞት መክፈት አለበት። ከቀትር በኋላ ከተማው አረፍ ሲል ደግሞ እዚያ የሚገባ ሰው የለም። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ የበሩ እጀታ ራሱ ይፋጅ ነበር። በዚያን ቀን አንድ ስዊች ተቃጠለብን።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ማሽኖችን ሁኔታ ከሩቅ የምንጠይቅበት ፕሮቶኮል) የሚያሳውቅ ነገር ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። በየራኩ ከላይና ከታች አንዳንድ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር አድርጌያለሁ፣ በድምሩ 12። ሁሉም በአንድ መስመር ተያይዘው ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ይገባሉ። ፓይዋ ላይ ደቢያን ሊኑክስና ኔት-ኤስኤንኤምፒ የሚባለው የኤስኤንኤምፒ ሶፍትዌር አለ። ጥያቄ ከሚቀበለው ዋና ፕሮግራም፣ ከዴሞኑ፣ ጎን ራሱን ችሎ የሚሮጥ ሰብኤጀንት (ረዳት ፕሮግራም) በሲ ጻፍኩ፤ ከማስተሩ፣ ማለትም ከዴሞኑ፣ ጋር ኤጀንትኤክስ በሚባል ፕሮቶኮል ይነጋገራል።

ችግሩ ይሄ ነው። የማስተሩ ኮንፊግ ውስጥ «ማስተር ኤጀንትኤክስ» የሚለውን መስመር አስገብቻለሁ። ሰብኤጀንቱን ሳስነሳው ተገናኝቻለሁ ብሎ ይጽፋል። ኦአይዲውን (የሙቀቱን መረጃ አድራሻ ቁጥር) ስጠይቅ ግን በዚህ ኦአይዲ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም ይለኛል። የማሽኑን ስምና መግለጫ ስጠይቅ በደንብ ይመልሳል። ኮዱን አሥር ጊዜ አነበብኩት። የት ነው የሳትኩት?

ለገሃር_161 — ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ ኮዱን ለጊዜው ተወው።

«የለም» የሚለው መልስ ቃሉ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሁለት ነው። ወይ ሰብኤጀንትህ ኦአይዲውን ጭራሽ አላስመዘገበም፣ ወይ ደግሞ አስመዝግቧል ግን የምትጠይቅበት ኮሚዩኒቲ (እንደ ይለፍ ቃል የምትልከው ስም) ያንን ቅርንጫፍ እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ማስተሩ ላልተፈቀደለት ጠያቂ «አለ ግን አላሳይህም» አይልም። «የለም» ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ደህና ኮዱን አፍርሶ እንደገና እንደጻፈ እኔ አውቃለሁ።

ደቢያን ላይ ስትጭነው አብሮ የሚመጣው ኮንፊግ «ሲስተምኦንሊ» የሚባል ቪው (ጠያቂው እንዲያየው የተፈቀደለት ክፍል) አለው። የሚያሳየው 1.3.6.1.2.1.1ን እና 1.3.6.1.2.1.25.1ን ብቻ ነው። የማሽኑ ስም የመጀመሪያው ውስጥ ስለሆነ ታየህ። ያንተ ኦአይዲ ግን 1.3.6.1.4.1 ስር ነው መሆን ያለበት፣ እሱ በዚያ ቪው ውስጥ የለም።

እንዲህ አድርግ። ቪው ላይ የራስህን ቅርንጫፍ ጨምር፣ ማስተሩን ሪስታርት አድርግ፣ እንደገና ጠይቅ። ካልሆነ ደግሞ 1.3.6.1.4.1.8072.1.2ን ክፈትና ተመልከት። እዚያ ማስተሩ ላይ የተመዘገበው ሁሉ ተዘርዝሮ ይገኛል። ስምህ እዚያ ከሌለ ያኔ ወደ ኮዱ እንመለሳለን።

አንድ ሌላ ጥያቄ፦ የትኛውን ቁጥር ነው የተጠቀምከው? ለሙከራ ከሆነ 8072.9999.9999 ለዚሁ የተተወ ሜዳ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚቆይ ከሆነ ግን ከአያና (አይኤኤንኤ፣ የኢንተርኔት ቁጥሮችን ከሚያድለው ድርጅት) የድርጅት ቁጥር አውጡ፤ ክፍያ የለውም። የሌላ ድርጅት ቁጥር ላይ እንዳትቀመጥ።

ጀማሪ_ከዚራ — ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡40

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ምናልባት ቀላል ይሆናል። እኔ ተማሪ ነኝ። ይሄን ሁሉ በሲ መጻፍ ለምን አስፈለገ? «ኤክስቴንድ» የሚል መስመር ኮንፊግ ውስጥ አስገብቶ አንድ ስክሪፕት ማስሮጥ አይበቃም? ሰብኤጀንት የሚባለውስ በትክክል ምንድነው?

ለገሃር_161 — ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ አያስፈልገውም።

ማሽኑ ላይ በዩዲፒ ፖርት 161 የሚያዳምጥ አንድ ዴሞን ነው ያለው። ጥያቄ ሁሉ በሱ በኩል ይገባል። ግን አንድ ዴሞን ስለ ሁሉም ነገር ሊያውቅ አይችልም፤ ስለ ራኩ ሙቀት ምን ያውቃል? ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ «ይሄ ቅርንጫፍ የኔ ነው፣ ስለሱ ሲጠየቅ ወደኔ ላክ» ብሎ ይመዘገባል። እሱ ሰብኤጀንት ነው። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤጀንትኤክስ ይባላል። አሁን የሚሠራበት አርኤፍሲ 2741 ነው፣ ጥር 2000 እ.ኤ.አ. የወጣ። አንድ ማሽን ውስጥ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ በዩኒክስ ሶኬት ይገናኛሉ፣ በቲሲፒ ከሆነ ፖርቱ 705 ነው። ያንን 705 ወደ ውጭ እንዳትከፍቱት አደራ። ፕሮቶኮሉ ማንነትህን የሚጠይቅበት ነገር የለውም፣ የመጣ ሁሉ ይመዘገባል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ለአንድ ሁለት ቁጥር «ኤክስቴንድ» በቂ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። «ፓስ_ፐርሲስት» የሚባልም አለ፤ እሱ ስክሪፕቱን አንዴ አስነስቶ እያነጋገረ ያቆየዋል። ግን ሁለቱም በማስተሩ እጅ ያሉ ልጆች ናቸው። ለብቻው የቆመ ሰብኤጀንት በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ማስተሩን ይዞ አይወድቅም፣ ማስተሩ ሲነሳም ተመልሶ ይገናኛል። 12 ሴንሰር በሠንጠረዥ አድርጎ ለማሳየትም የተሻለ ነው።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 12፣ ከቀኑ 6፡10

ጋሼ ለገሃር፣ እድሜ ይስጥልኝ! ቪው ነበር። አንድ መስመር ብቻ። 12ቱም ቁጥር ወጣ። ሁለት ሳምንት ኮድ ሳገላብጥ የከረምኩት በዚህ ነው እንግዲህ።

ደስታዬ ግን ግማሽ ቀን አልቆየም። በእጄ አንዱን ሴንሰር ስጠይቅ ይመልሳል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ዛቢክስ (መከታተያ ፕሮግራማችን) ላይ ሳስገባው ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ደግሞ 12ቱም አብረው ነው የሚጠፉት። ሰብኤጀንቱ ሎግ ላይ ግንኙነት ተቋረጠ፣ ከዚያ እንደገና ተገናኘሁ የሚል ተሞልቷል። ኬብል ነው እንዳልል አንድ ማሽን ውስጥ ናቸው።

የጁገል_ልጅ — ግንቦት 12፣ ከቀኑ 9፡30

ከሐረር ነኝ። እኔም እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቼ ስለነበር ልጠይቅህ። ሴንሰሩን የምታነበው መቼ ነው? ጥያቄው ሲመጣ፣ ሃንድለሩ (ለጥያቄው የሚመልሰው ፈንክሽን) ውስጥ?

እንደዚያ ከሆነ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ዲኤስ18ቢ20 በ12 ቢት ሲለካ አንዱን ልኬት ለመጨረስ እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይሄ የሴንሰሩ ተፈጥሮ ነው፣ ኮድ አያፋጥነውም። ሊኑክስ የሴንሰሩን ፋይል ስታነብ ያንን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱን ስትጠይቅ ሦስት ሩብ ሰከንድ ነው፣ «ትንሽ ይዘገያል» ያልከው እሱ ነው። ዛቢክስ ግን ጥያቄዎቹን ሰብስቦ በአንድ ፓኬት ነው የሚልከው። 12 ሲባዛ በ0.75፣ 9 ሰከንድ። ማስተሩ ሰብኤጀንቱን የሚጠብቀው ካልቀየርከው 1 ሰከንድ ነው። መልስ ሲያጣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል ብሎ ግንኙነቱን ይዘጋዋል፣ 12ቱም አብረው ይጠፋሉ። ሰብኤጀንቱ ከ9 ሰከንድ በኋላ ሲነቃ መልሱን የሚሰጠው ሰው የለም። ከዚያ ካልቀየርከው በየ15 ሰከንዱ ነው መልሶ ለመገናኘት የሚሞክረው።

የጊዜ ገደቡን ወደ 10 ሰከንድ ልጨምረው ብለህ እንዳታስብ። ያኔ ማስተሩን ራሱን ታስጠብቀዋለህ።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 1፡45

እህቴ፣ ልክ ብለሻል። አሁን በሰዓት ለካሁት። አንዱ 0.8 ሰከንድ፣ አሥራ ሁለቱ 9.9። እንዲያውም የጊዜ ገደቡን ወደ 10 ልጨምረው እጄ ኪቦርድ ላይ ነበር።

ደቻቱ_ማዶ — ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 2፡30

አቦ ቀላል ነው። ኔት-ኤስኤንኤምፒ ውስጥ «አላርም» የሚባል ነገር አለ፣ በየ30 ሰከንዱ የምትፈልገውን ፈንክሽን ይጠራልሃል። ንባቡን እዚያ አድርገው፣ ውጤቱን ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጠው። ሃንድለሩ ከቫሪያብሉ ብቻ ይመልስ። አለቀ።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሞከርኩት። በጣም ተሻሽሏል፣ ግን አላለቀም። አሁን መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ሆኖም ከየ30 ሰከንዱ ውስጥ ወደ 10 ሰከንድ ገደማ የሚሆነው ጊዜ ላይ ጥያቄ ከወደቀ ያው ይጠፋል። ዛቢክስ በየደቂቃው ስለሚጠይቅ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይጋጫል።

የጁገል_ልጅ — ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡25

ምክንያቱም አላርሙም የሚሮጠው በዚያው ሉፕ ውስጥ ነው። ሰብኤጀንቱ አንድ ሰው ነው፣ ሁለት እጅ የለውም። ሴንሰር ሲያነብ ለማስተሩ አይመልስም። ሃሳቡ ትክክል ነው፣ የቦታው ነገር ነው ያልተስተካከለው።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። አንባቢውን ጭራሽ ሌላ ፕሮሰስ አደረግኩት። እሱ ቁጭ ብሎ ሴንሰሮቹን ተራ በተራ ያነባል፣ ሲጨርስ «ረን» የሚባለው ዳይረክተሪ ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ያ ቦታ ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ኤስዲ ካርዱን አያደክምም። ስትጽፍ ግን እዚያው ፋይል ላይ አትጻፍ። በሌላ ስም ጻፍና ስሙን ቀይረው፤ የስም ለውጡ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆነው። ያለዚያ ሰብኤጀንቱ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ሊያነብብህ ይችላል። ሰብኤጀንቱ ሥራው ፋይሉን ማየትና መመለስ ብቻ ይሁን።

ከርነልህ አዲስ ከሆነ ደግሞ 12ቱንም ባንድ ጊዜ ለኩ ብለህ የምታዝበት መንገድ አለ፤ «ቴርም_በልክ_ሪድ» የሚባል ፋይል ፈልግ። 9 ሰከንዱ በጣም ይቀንሳል። ቢሆንም ሁለቱን መለየት አይቀርም።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 12፡50

ሠራ! ወላሂ ሠራ። ከሰዓቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ኮዱም አጠረ። ሰብኤጀንቱ አሁን አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ ልጅም ያነበዋል። የጁገል ልጅ፣ ድሬ ስትወርጂ ሙዝ ጁስ በኔ ነው።

ጀማሪ_ከዚራ — ግንቦት 14፣ ከቀኑ 10፡00

እኔም ልሞክረው ብዬ ትናንት ታይዋን ገበያ ሄጄ አንድ ሴንሰርና 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገዛሁ። ንባቡ እየወጣልኝ ነው። ግን 31437 ነው የሚለው። 31.437 ለምን አይልም? ሌላው ደግሞ ሰብኤጀንቱን በሱዶ ሳስነሳው ይገናኛል፣ እንደ አገልግሎት በራሱ ዩዘር ሳደርገው ግን ከማስተሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 14፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁለቱም እኔን ገጥመውኛል።

የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ከርነሉ በሺኛ ዲግሪ ነው የሚሰጥህ። ኤስኤንኤምፒ ደግሞ በመደበኛ ዓይነቶቹ ውስጥ ነጥብ ያለው ቁጥር የለውም፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። እንዳለ ላከውና ዛቢክስ ላይ በ0.001 አባዛው። ሚብ ፋይልህ (ኦአይዲዎችህን የሚገልጸው ፋይል) ላይ ግን መለኪያው ምን እንደሆነ ጻፍ። ነገ አንተ ባትኖር 31437ን ያየ ሰው ምን ይመስለዋል?

ሁለተኛው የሶኬቱ ፈቃድ ነው። ማስተሩ የሚፈጥረው ሶኬት ካልነገርከው በቀር ከራሱ ዩዘር ውጭ ማንንም አያስገባም። ኮንፊጉ ላይ «ኤጀንትኤክስ ፐርምስ» የሚል መስመር አለ። ለሶኬቱ 0660፣ ለዳይረክተሪው 0750፣ ከዚያ የዩዘርና የግሩፕ ስም። ሰብኤጀንቱ የሚሮጥበትን ዩዘር እዚያ ግሩፕ ውስጥ አስገባው። 0777 አድርገህ እንዳታልፈው፤ ሶኬቱን የደረሰ ሁሉ የፈለገውን ኦአይዲ ማስመዝገብ ይችላል።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 2፡00

አሁን የምጽፈው ከሁሉም የከበደኝን ነው። እስካሁን ያሉት ችግሮች ቢያንስ ይታዩ ነበር፣ ቁጥር ይጠፋል፣ ሎጉ ይጮሃል። ይሄኛው ምንም አልጮኸም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቤቴ ነበርኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ላይ ግራፉን ከፈትኩት። 12ቱም መስመር ቀጥ ብሏል። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የላይኛው ራክ 27.312፣ ከአራት ሰዓት በፊትም 27.312፣ አሁንም 27.312። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኤሲው በደንብ እየሠራ ነው አልኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በድሬ ግንቦት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት፣ ሦስተኛው አሃዝ እንኳ የማይንቀሳቀስ ምን ዓይነት ክፍል ነው?

ባጃጅ ይዤ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ኤሲው ጠፍቷል። ጠዋት መብራት ለትንሽ ደቂቃ ሄዶ ነበር። በእጅ ቴርሞሜትሩ ስለካው 41 ነበር። ሰርቨሮቹ ፋናቸውን የሚያሽከረክሩት በጩኸት ነበር። ደግነቱ ደረስኩላቸው፣ ምንም አልተቃጠለም።

የሆነው ይሄ ነው። ጠዋት ክፍሉን ሲያጸዱ የሦስተኛው ራክ ሴንሰር ሽቦ ተላቀቀ። አንባቢው ፕሮሰስ ያንን ሴንሰር መክፈት ሲያቅተው ወደሚቀጥለው ማለፍ ሲገባው ራሱ ወጣ። እኔ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት። የመጨረሻው ፋይል ግን እዚያው ተቀምጧል። ሰብኤጀንቱ ፋይሉን ከፍቶ፣ የአራት ሰዓት ቁጥር አንስቶ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በትህትና ይመልሳል። ዛቢክስም ተቀብሎ አረንጓዴ ያሳያል።

ሳይመልስ ሲቀር ተናድጄበት ነበር። ያረጀውን እንደ አዲስ ሲመልስ ግን ክፍሉን ሊያቃጥልብኝ ነበር። ሴንሰር ባይኖረን ኖሮ ጠዋት መብራት ሲሄድ ደውዬ ኤሲውን ክፈቱ እል ነበር። ግራፉን አምኜ ነው የተኛሁት።

የጁገል_ልጅ — ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 2፡35

እንኳን ደረስክ። ይሄን ሳላነሳልህ በመቅረቴ አዝናለሁ። እኛ እዚህ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ኤሲ ቢጠፋም ጊዜ አለን፤ መስኮት ከፍተን እናድራለን። እናንተ ወደ 1,200 ገደማ ላይ ናችሁ፣ ጊዜ የላችሁም። ስለዚህ እኔ ጋ የቆየ ቁጥር ይሄን ያህል አልጎዳኝም፣ አላሰብኩትምም።

ፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሴንሰር የተለካበትን ጊዜ አብረህ ጻፍ። ሰብኤጀንቱ ሲመልስ ዕድሜውን ያስላ። ከ60 ሰከንድ በላይ ከሆነ ቁጥሩን አይስጥ፤ «ኖ ሰች ኢንስታንስ» ይበል። «አላውቅም» ማለት ነው።

ደቻቱ_ማዶ — ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 3፡10

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ግራፉ ላይ ክፍተት ሲበዛ አለቆች ሲስተሙ አይሠራም ይላሉ። የመጨረሻውን ቁጥር ማሳየት ምንም ካለማሳየት አይሻልም? ደግሞ ዛቢክስ እንዲያ ያለ መልስ ሲያገኝ አይተሙን (የሚከታተለውን መለኪያ) «አይደገፍም» ብሎ ያስቀምጠዋል። በሙቀቱ ላይ ያሰርከው ማንቂያ አብሮ ዝም ይላል። ከአንዱ ዝምታ ወደ ሌላው ዝምታ ነው የምትሄደው።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 3፡40

ስለ ማንቂያው ያልከው ትክክል ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ስለ ግራፉ ግን አልቀበልህም ወንድሜ። ክፍተቱ እውነት ነው። በዚያ ሰዓት ሙቀቱን አላወቅንም፣ ግራፉም አላወቅንም ማለት አለበት። ለአለቃ ክፍተቱን ማስረዳት ይቻላል። የተቃጠለ ሰርቨርን ግን ምን ብዬ አስረዳለሁ?

እንዲህ ላደርገው ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሁለተኛ ዓምድ እጨምራለሁ፣ ዕድሜ በሰከንድ። ሙቀቱ ሲያረጅ ይጠፋል፣ ዕድሜው ግን ሁልጊዜ ይመልሳል። ማንቂያውን ሁለቱም ላይ አስረዋለሁ፤ ሙቀት ከ32 ሲያልፍ፣ ወይም ዕድሜ ከ60 ሲያልፍ። ፓይዋ ራሷ ከጠፋች ደግሞ በፒንግ ይታወቃል።

ለገሃር_161 — ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 4፡00

ዕድሜን እንደ ሌላ መለኪያ ማየት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 እንዳትጠይቀው። ቨርዥን 1 ላይ ከ12ቱ አንዱ ከሌለ ጥያቄው በሙሉ በስህተት ይመለሳል፣ አሥራ አንዱንም ታጣለህ። 2ሲ ወይም 3 ላይ የጎደለው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ሳቢያን_ኔት — ግንቦት 23፣ ከሌሊቱ 7፡15

ተኝቼ ነበር። ማንቂያው ቀሰቀሰኝ። 12ቱም ሴንሰር 85 ዲግሪ! ደንግጬ ስነሳ ከደቂቃ በኋላ 26 ሆነ። ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ዕድሜው ሁለት ሰዓት ነው የሚል ሌላ ማንቂያ ነበር። መብራት ሄዶ መጥቷል። ፓይዋ ዩፒኤስ ላይ አይደለችም፣ ቦታ ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ነው የሰካኋት።

የጁገል_ልጅ — ግንቦት 23፣ ከጠዋቱ 1፡30

85ቱን አውቀዋለሁ። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ ውስጡ የሚቀመጠው ቁጥር 85 ነው። ሳይለካ ካነበብከው እሱን ይሰጥሃል፣ ሲአርሲውም (የስህተት መፈተሻ ቁጥሩ) ልክ ይሆናል፣ ስለዚህ በሲአርሲ አትይዘውም። ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያውን ንባብ ጣለው። ከዚያ በኋላም ልክ 85000 ከመጣና የቀደመው ሩቅ ከነበረ ደግመህ ለካ።

ዕድሜው ደግሞ የሰዓት ነገር ነው። ፓይህ 4 ወይም ከዚያ በፊት ያለች ከሆነች ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም። ስትነሳ መጨረሻ ያስቀመጠችውን ሰዓት ይዛ ትነሳለች፣ ከዚያ ከኔትወርክ ስታገኝ ወደፊት ትዘላለች። ከዝላዩ በፊት የጻፍከው ንባብ በአንዴ ሁለት ሰዓት ያረጃል። የግድግዳ ሰዓት አትጠቀም። «ክሎክ_ሞኖቶኒክ»ን ተጠቀም፤ እሱ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥር ነው፣ ማንም አያዘልለውም፣ ሁለቱም ፕሮሰሶች አንድ ዓይነት ነው የሚያዩት። «ረን» ውስጥ ያለው ፋይል ማሽኑ ሲነሳ ስለሚጠፋ ከድሮው ጋር አይደባለቅብህም።

ፓይዋን ግን እባክህ ዩፒኤስ ላይ አድርጋት።

ሳቢያን_ኔት — ሰኔ 3፣ ከቀኑ 11፡00

ዘጠኝ ቀን አየሁት፣ አሁን ልናገር እችላለሁ። ፓይዋ ዩፒኤስ ላይ ናት። አንባቢው አንድ ሴንሰር ሲያጣ ስሙን ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቢወድቅም ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺው) ያነሳዋል።

ዛሬ ከጥበቃው ጋር ሆነን ሞከርነው። እሱ ስልኬን ይዞ ውጭ ቆመ፣ እኔ ገብቼ የሦስተኛውን ራክ የላይኛውን ሴንሰር ነቀልኩት። ግራፉ ላይ አሥራ አንዱ ቀጠሉ፣ አንዱ ተቋረጠ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ቀጥሎ አንባቢውን በእጄ አቆምኩት፣ እንዳይነሳም ከለከልኩት። 12ቱም ተቋረጡ፣ ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ጥበቃው «ይሄ ሲጮህ ኤሲውን ላብራ?» አለኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ኤሲውን፣ ከዚያ ለኔ ደውል አልኩት። ሪሞቱን በሩ አጠገብ በሚስማር ሰቅለነዋል፣ የጥበቃው ስልክ ቁጥርም አሁን ማንቂያው ከሚደርሳቸው ውስጥ ገብቷል።

ጀማሪ_ከዚራ — ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 1፡20

የኔም ተገናኝቷል፣ የግሩፑ ነገር ነበር። አንድ ሴንሰር ብቻ ነው ያለኝ፣ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ። ዕድሜ የሚለውን ዓምድ እኔም ጨምሬያለሁ። አሁን 33187 ይላል፣ ዕድሜው 4 ሰከንድ።